አንድ ማሳ፣ ሦስት የአጨዳ ቀን፦ የአኩሪ አተር አዝመራ ከክፉ ክረምት በኋላ

ክረምቱ ሲያምር አኩሪ አተር ለአጨዳ አያስቸግርም። በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ይዘራል፤ መስከረም ላይ ፍሬውን ይሞላል፤ ጥቅምት ላይ ቅጠሉን ያራግፋል፤ በኅዳር ብራ ይታጨዳል። ማሳው ባንድነት ቢጫ ሆኖ ባንድነት ስለሚደርቅ የገበሬው ጭንቀት ሠራተኛ ከማግኘት አያልፍም። ክረምቱ ሲከፋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዝናቡ ዘግይቶ ሲገባ፣ በነሐሴ ሲቋረጥ ወይም በጥቅምት አልወጣም ሲል፣ የማሳው አንዱ ጥግ ደርቆ ፍሬውን መሬት ላይ እያፈሰሰ ሌላው ጥግ ገና ለጋ ይሆናል። የደረሰውን ለማዳን የቸኮለ ለጋውን ያበላሻል፤ ለጋውን የጠበቀ ደግሞ የደረሰውን ያጣል።

ይህ ዳሰሳ በዋናነት የሚመለከተው የምዕራብ ኢትዮጵያን አብቃይ አካባቢዎች ነው፦ መተከልና አሶሳን፣ ጃዊን፣ ወለጋን፣ ኢሉ አባ ቦራንና ጅማን። የሌላ አገር ልምድ የሚነሣው ለእነዚህ የሚጠቅም ወይም የሚያሳስት ሲሆን ነው። የሚያሳስተውም ቀላል አይደለም። ስለ አኩሪ አተር አጨዳ ከተጻፈው አብዛኛው የመጣው ኮምባይነር ማሳውን በአንድ ቀን ጠርጎ ከሚወጣበት አገር ነው። በማጭድ የሚያጭድ ሰው ግን ለማሳው አንድ ቀን ብቻ የመምረጥ ግዴታ የለበትም። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም ይኸው ነው፦ ከክፉ ክረምት በኋላ ትክክለኛውን ቀን ከመፈለግ ይልቅ ማሳውን መከፋፈል ያዋጣል።

ቅጠሉን ያመነ ይታለላል

አኩሪ አተር ለኢትዮጵያ የቅርብ ጊዜ ሰብል ነው፤ የገባው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። ዛሬ የአገሪቱን የአኩሪ አተር ምርምር የሚያስተባብረው ማዕከል በሚገኝበት በፓዊ፣ ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ በኋላ ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች መጥተው የሰፈሩ ገበሬዎች ይዘውት የመጡት ዕውቀት የጤፍ፣ የማሽላና የባቄላ ነበር። ጤፍ መቼ እንደሚታጨድ ልጅ ከአባቱ ያያል። የአኩሪ አተር ምልክት ግን ከልማት ሠራተኛ ወይም ከጎረቤት የተለቀመ ነው። በደህና ዓመት ይህ ጉድለት አይታወቅም፤ ክፉ ዓመት ያወጣዋል።

ብዙ ሰው የሚያየው ቅጠሉን ነው። በደህና ዓመት ቅጠል ረገፈ ማለት ሰብሉ ደረሰ ማለት ስለሆነ አይፈረድበትም። ነገር ግን ክፉ ክረምት ቅጠሉን በሁለት መንገድ ሐሰተኛ ምስክር ያደርገዋል። የመጀመሪያው ያለጊዜው መርገፉ ነው። በደቡብ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል መኖሩ የተረጋገጠው የአኩሪ አተር ዝገት በሽታ፣ ወይም ፍሬ በሚሞላበት ጊዜ የገባ ብርቱ ድርቅ፣ ፍሬው ሳይጠና ቅጠሉን ያራግፈዋል። ማሳው ከሩቅ ሲያዩት የደረሰ ይመስላል፤ ፍሬው ሲከፈት ግን ለጋ ነው።

ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው። በአበባ ጊዜ ውኃ ተጠምቶ፣ ወይም በመጣጭ ተባይ ተጠቅቶ ጥቂት ፍሬ ብቻ የያዘ ተክል ቅጠሉ የሚያዘጋጀውን ምግብ የሚቀበልለት ያጣል። ምግቡ በአገዳው ውስጥ ስለሚከማች አገዳውና ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆኑ ይቆያሉ፤ ጥቂቶቹ ፍሬዎች ግን ጊዜያቸውን ጠብቀው ይደርቃሉ። ቅጠሉ እስኪረግፍ የሚጠብቅ ገበሬ እንዲህ ባለው ተክል ላይ ያለውን ሁሉ ሊያጣ ይችላል።

ዘግይቶ የተዘራውም የራሱ ችግር አለው። አኩሪ አተር የቀኑን ርዝመት እየተከተለ ስለሚያብብ ዘሩ አንድ ወር ቢዘገይ ብስለቱ አንድ ወር አይዘገይም። ተክሉ የዕድገት ጊዜውን አሳጥሮ አጭር ሆኖ ያብባል፤ የታችኞቹንም ፍሬዎች መሬት አጠገብ ይቋጥራል። እነዚህ ለማጭድም ለኮምባይነርም አይመቹም፤ ሳይታጨዱ የሚቀሩት በአብዛኛው እነሱ ናቸው።

እንግዲህ መታየት ያለበት ቆባው ነው፤ ማለትም ፍሬውን የያዘው ልባስ።

95 ወይስ 80?

በዚህ ነጥብ ላይ ሁለት ምክሮች አሉ፤ ሲያዩአቸው የሚጋጩ ይመስላሉ። የመጀመሪያው የአሜሪካ ነው። የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎቹ ፌርና ካቪነስ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጡት የዕድገት ደረጃ መለኪያ እስከዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። ከዋናው አገዳ ላይ አንድ ቆባ የብስለት ቀለሙን ሲይዝ «አር 7» ይባላል፤ ከቆባዎቹ 95 በመቶው ቀለሙን ሲይዙ ደግሞ «አር 8»። ከዚያ በኋላ የፍሬው እርጥበት ከ15 በመቶ በታች እስኪወርድ ከ5 እስከ 10 ቀን ደረቅ አየር ያስፈልጋል። ኮምባይነር የሚገባው ያኔ ነው፤ የሚመረጠው እርጥበትም 13 በመቶ አካባቢ ነው።

ሁለተኛው ምክር የመጣው ዋና መቀመጫው ኢባዳን ከሆነው ዓለም አቀፍ የትሮፒካል ግብርና ተቋም ነው። ተቋሙ ለሰሜን ናይጄሪያ ገበሬዎች ባዘጋጀው መመሪያ፣ የማይረግፍ ዝርያ 85 በመቶው ቆባ ሲበስል፣ የሚረግፍ ዝርያ ደግሞ 80 በመቶው ሲበስል እንዲታጨድ ያዛል። ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ልዩነት በቀን ሲቆጠር ጥቂት ነው፤ በደረቅ የኅዳር ነፋስ ግን በዚያ ጥቂት ቀን ብዙ ምርት ሊፈስ ይችላል።

ልዩነቱ የመነጨው ከመሣሪያው ነው። ኮምባይነር አጭዶ ወዲያው ስለሚወቃ ፍሬው ቆሞ መድረቅ አለበት። በማጭድ የታጨደ ግን በነዶ ይደርቃል። ፍሬው «አር 7» ላይ ሲደርስ ክብደት መጨመሩን በአመዛኙ ጨርሷል፤ ቀሪው ሥራ ውኃውን ማስወጣት ነው። ውኃው ደግሞ ቆሞም ተኝቶም ይወጣል። የመተማና የሑመራ ሰሊጥ አምራቾች ይህን በሌላ ሰብል ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ሰሊጥ ሳይከፈት ታጭዶ፣ ነዶው ቀጥ ተደርጎ ቆሞ ይደርቃል። ስለዚህ በማጭድ ለሚሠራ ሰው 95 በመቶን መጠበቅ የሰው አገር ጥንቃቄ ነው፤ የሚያስከፍለው ግን እዚህ ነው።

ቆባው ለምን ይከፈታል?

የቆባው ግድግዳ በውስጥ በኩል ጠንካራ ሽፋን አለው። ሲደርቅ ይህ ሽፋን እየተኮማተረ ሊጠማዘዝ ይሞክራል፤ ሁለቱን ግድግዳዎች ያያዘው ስፌት ጉልበቱን መቋቋም ሲያቅተው ቆባው ተሰንጥቆ ፍሬውን ይረጫል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ሥራ ይህን መጠማዘዝ የሚያበረታ «ፒዲኤች 1» የተባለ ዘረመል ለይተዋል። ዘረመሉ ሥራውን ያቆመባቸው ዝርያዎች ቆባቸው ሲደርቅ ብዙም ስለማይጠማዘዝ ፍሬያቸውን ይዘው ይቆያሉ። ለደረቅ አካባቢ የሚጠቅመው ባሕርይ ይኸው ነው። ከኢባዳን የሚወጡት «ቲጂኤክስ» የሚባሉት መስመሮችም ሲዳቀሉ አለመርገፍ ከተፈለጉት ጠባዮች አንዱ ነበር።

ድርቀት ብቻውን አይደለም የሚጎዳው። የደረቀ ቆባ ዝናብ ወይም ጤዛ ነክቶት እንደገና ሲደርቅ፣ እንዲህ እየተፈራረቀ በሄደ ቁጥር ስፌቱ ይላላል። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ በሕንድ ውቅያኖስ የሙቀት መዛባት የተነሣ ምሥራቅ አፍሪካን የመታው ያለወቅቱ ዝናብ ዓይነት ሲመጣ አደጋው ይህ ነው፤ የደረሰ ሰብል ጠዋት ይረጥባል፣ ቀትር ላይ ይሰነጠቃል። ያልተከፈተውም አይተርፍም። ፎሞፕሲስን የመሰሉ ሻጋታዎች ፍሬውን ያነጡታል፣ ያጨማድዱታል፤ ሌላው ሻጋታ ሐምራዊ ነጠብጣብ ይጥልበታል፤ እርጥበቱ ከቀጠለ ፍሬው ቆባው ውስጥ እንዳለ ይበቅላል።

ስለ መርገፍ ሲጻፍ ደጋግሞ የሚጠቀስ አንድ አኃዝ አለ፦ ከሕንድ ጥናት የተገኘው ከ34 እስከ 99 በመቶ የሚለው። ይህ ቁጥር በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ከብስለት በኋላ ምን ያህል እንደተዘገየ፣ አየሩና ዝርያው ምን እንደሆነ እየታየ የሚለዋወጥ ነው፤ 99 የሚሆነው የሚረግፍ ዝርያ በደረቅ አየር እጅግ ሲዘገይበት እንጂ በየማሳው አይደለም። እንደ ማስፈራሪያ ከተነገረ ገበሬው አንድ ዓመት ሳይደርስበት ሲቀር ምክሩን ሁሉ ይንቃል። ቁም ነገሩ የቁጥሩ ስፋት ነው፦ መጠኑን የሚወስነው በአመዛኙ መዘግየቱ ነው፤ የመዘግየቱ መፍትሔ ደግሞ በሰው እጅ ነው።

መሬት ላይ ያለውን መቁጠር

«ብዙ ረገፈ» ወይም «ምንም አልረገፈ» የሚል ግምት ለውሳኔ አይበቃም። የአሜሪካ ገበሬዎች የሚሠሩበት ቀላል ሕግ አለ፤ በአንድ ካሬ ጫማ 4 ፍሬ ከወደቀ በኤከር 1 ቡሼል ጠፍቷል ይላሉ። ወደ ራሳችን መለኪያ ሲመጣ የበለጠ ይቀልላል። ደህና የሞላ አኩሪ አተር 100 ፍሬው 15 ግራም ያህል ይመዝናል። በካሬ ሜትር አንድ ፍሬ ወደቀ ማለት በሄክታር 10 ሺህ ፍሬ፣ ማለትም 1.5 ኪሎ ነው። በካሬ ሜትር 67 ፍሬ ከተቆጠረ በሄክታር 1 ኩንታል መሬት ላይ አለ። ድርቅ ያቀጨጨው ፍሬ 100ው 10 ግራም ብቻ ከሆነ ደግሞ አንድ ኩንታል የሚሞላው በካሬ ሜትር 100 ፍሬ ሲቆጠር ነው። ስለዚህ በክፉ ዓመት መሬት ላይ የሚታየው ፍሬ ብዛት ዓይንን ያስደነግጣል፤ ሚዛኑ ግን ከሚመስለው ያነሰ ነው።

ለቆጠራው አራት ሜትር ገመድ በአራት ችካል ወጥሮ አንድ ካሬ ሜትር መከለል ይበቃል። የሚጠቅመው ግን መቼ እንደተቆጠረ ማወቅ ነው። ከአጨዳ በፊት የተገኘው የመዘግየት ዋጋ ነው፤ ከአጨዳ በኋላ የጨመረው የማጭዱ ወይም የኮምባይነሩ ጥፋት ነው፤ ነዶው ከተነሣ በኋላ የተገኘው የአያያዝ ነው። ሦስቱ ካልተለዩ ገበሬው በሠራተኛው ሲያሳብብ፣ ሠራተኛውም በዝርያው ሲያሳብብ ሌላ ዓመት ይመጣል።

መሬት ላይ የማይገኝ ኪሳራም አለ። በ13 በመቶ እርጥበት 20 ኩንታል የሚሆን ምርት እስከ 9 በመቶ ደርቆ ቢታጨድ፣ አንድ ፍሬ ሳይወድቅ ሚዛኑ ወደ 19.1 ኩንታል ይወርዳል። ያን ያህል የደረቀ ፍሬ ደግሞ በውቂያ ጊዜ ለሁለት ይሰነጠቃል። በሌላው ወገን ቀድሞ የታጨደ ለጋ ፍሬ አረንጓዴ ቀለሙን ይዞ ከቀረ ዘይቱን ያበላሻል፤ ቀለሙን ለማስወገድ ማጣሪያው ተጨማሪ ወጪ ስለሚያወጣ ገዢው ዋጋ ይቀንሳል። ለጋው ፍሬ ከአገዳው ሳይለይ በጥላ ቀስ ብሎ ሲደርቅ አረንጓዴው በከፊል ይለቃል፤ ተፈልፍሎ በጠራራ ፀሐይ ሲሰጣ ግን ቀለሙ እዚያው ይደርቃል።

ማሳውን በሦስት መክፈል

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው አሠራር ይህን ይመስላል። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ገበሬው ማሳውን ይዞራል። አፈሩ ስስ የሆነበት ዳገትና ዳር፣ አሸዋማው ቦታ፣ አስቀድሞ የደረቀው ክፍል ሁሉ አንድ ወገን ነው። መሐሉ ሁለተኛው ነው። ውኃ የሚተኛበት ዝቅ ያለ ቦታ ሦስተኛው። ከየወገኑ ጥቂት ተክሎች ወስዶ 100 ቆባ ይቆጥራል፤ ቀለም የያዙትን፣ አረንጓዴ ሆነው የሞሉትንና ጠፍጣፋ የቀሩትን ይለያል። ቅጠል በሌለበት ተክል ላይ ጠፍጣፋ የቀረ ቆባ ከእንግዲህ አይሞላም፤ እሱን መጠበቅ ከንቱ ነው። ከቀሪዎቹ 80 ወይም 85 በመቶው ቀለም ከያዘ ያ ወገን ይታጨዳል፤ ሌላው ይቆያል።

«ድሃ ገበሬ ደቦ ሦስት ጊዜ ይጠራል ወይ?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያውና የመጨረሻው ወገን ብዙውን ጊዜ ትንሽ ስለሆኑ በቤተ ሰብ ጉልበት ይያዛሉ። ደቦው ወይም ወንፈሉ የሚጠራው ለመሐሉ ብቻ ነው፤ ያም አሁንም ቢሆን የሚጠራ ነው። ሦስተኛው ወገን ለዘር አይቀመጥም፤ ከሌላው ጋር ከተደባለቀም የሁሉንም ዋጋ ያወርዳል።

የቀኑ ሰዓትም ይቆጠራል። አጨዳ በማለዳ፣ ጤዛው ቆባውን ሳይለቀው፤ ውቂያ ግን ቀትር ካለፈ በኋላ። ተክሉ ከሥሩ ባይነቀል ይመረጣል፤ ሥሩ መሬት ውስጥ ሲቀር ለቀጣዩ ሰብል ይጠቅማል፣ ነዶውም አፈርና ጠጠር አይይዝም። ነዶው በሸራ ላይ ይደርደር፤ የሚረግፈው ፍሬ ሸራው ላይ ይቀራል። እርጥብ ነዶ በትልቅ ክምር ከተቆለለ ግን ውስጡ ግሎ ይሻግታል።

በውቂያ ጊዜ ትልቁ ጉዳት በዘሩ ላይ የሚደርሰው ነው። የአኩሪ አተር ሽፋን ስስ ነው፤ የሚበቅለውም ክፍል ከሽፋኑ ሥር ነው። በሬ ያበራየው ወይም በዱላ አጥብቆ የተመታ ፍሬ ደህና መስሎ በሰኔ አይበቅልም። ስለዚህ ለዘር የሚሆነው ከመሐሉ ወገን ተመርጦ፣ በጆንያ ውስጥ ሆኖ ቀለል አድርጎ እየተመታ ለብቻው ቢወቃ ይሻላል። በእግር ወይም በሞተር የሚሠሩ የመውቂያ መሣሪያዎች በማኅበር ሲገዙ ይህን ችግር ያቃልላሉ።

ኮምባይነር የሚከራዩ ባለሀብቶች ጉዳይ የተለየ ነው። በኢትዮጵያ ኮምባይነር የለመደው የአርሲንና የባሌን ስንዴ ነው። ለአኩሪ አተር ሲገባ ማጨጃው ወደ መሬት መውረድ፣ መውቂያው ፍጥነቱን መቀነስ፣ ጉዞውም በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ከማሽን ብክነት 80 በመቶና ከዚያ በላይ የሚደርሰው ፊት ለፊት ባለው ማጨጃ ላይ ስለሆነ ከኋላ የሚወጣውን ገለባ ብቻ መፈተሽ ዋጋ የለውም። ሰብሉን ባንድ ጊዜ ለማድረቅ የሚረጭ ፀረ አረም በብራዚል የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ኬሚካሉ ቅጠልን ያደርቃል እንጂ ለጋ ፍሬን አያበስልም። ከ«አር 7» በፊት የተረጨ ምርት ይቀንሳል፤ ቅሪቱም በገበያና በምግብ ላይ ጥያቄ ያስነሣል።

ገበሬው እያወቀ የሚዘገየው ለምንድን ነው?

እስካሁን የተባለውን ብዙ ገበሬ ቢነገረው አይገረምም። የሚዘገየው በአብዛኛው እጁ ስለታሰረ ነው። ኅዳር ላይ ማሽላውም፣ ጤፉም፣ በቆላው ሰሊጡም ሠራተኛ ይፈልጋሉ፤ የቀን ሠራተኛ ዋጋ ይወጣል። ጸጥታ ሲደፈርስ ደግሞ ሁሉም ይቆማል። በ2013 ዓ.ም. የአዝመራ ወራት በመተከል በደረሱት ጥቃቶች ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ተፈናቅሏል፤ ለዚያ ሰው የቆባ ቀለም ማውራት ስድብ ነው። የተሻለ አቅም ባለበት አገርም ቢሆን ሰማዩ አይታዘዝም። በብራዚል ሪዮ ግራንዴ ዶ ሱል ጎርፉ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ሲመጣ ያልታጨደው አኩሪ አተር ከነኮምባይነሩና ከነማድረቂያው አልዳነም።

ገበያውም የራሱ ድርሻ አለው። አብዛኛው ምርት በየገጠሩ በዓይንና በጥርስ ተገምቶ ይሸጣል። በ13 በመቶ ተጠንቅቆ ያጨደና በ9 በመቶ ያዘገየ እኩል ዋጋ ካገኙ፣ ሻጋታና አረንጓዴ ፍሬም ለይቶ የሚከፍል ከሌለ፣ ማሳን በሦስት መክፈል ድካም ብቻ ይሆናል። በቀበሌ ደረጃ አንድ የእርጥበት መለኪያ ያላት የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ወገን ለይቶ የሚረከብ ዩኒየን፣ ለዘር የተለየ ዋጋ የሚከፍል የዘር አምራች ከአሥር የአጨዳ ሥልጠና ይበልጣሉ። መለኪያ እስኪመጣም ደረቅ ጨው ከፍሬው ጋር በጠርሙስ ተንጦ ለጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ምርት አይከተትም።

ክምችቱ ላይ አንድ መልካም ነገር አለ፦ አኩሪ አተር እንደ በቆሎ በነቀዝ ቶሎ አይጠቃም፤ ዋና ጠላቱ እርጥበትና ሙቀት ነው። ለጥቂት ወር 13 በመቶ ይበቃል፤ ለዓመት 12፤ ለዘር ደግሞ ከዚያ በታች። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት የሚረዳው በደንብ ለደረቀ ፍሬ ነው፤ እርጥብ ከገባበት ሻጋታውን ይዞ ይቆያል። በቆላ ሙቀት ዘሩ የመብቀል ኃይሉን በወራት ውስጥ ስለሚያጣ ከመዘራቱ በፊት 100 ፍሬ አብቅሎ መፈተን የግድ ነው፤ ከክፉ ክረምት በኋላማ ይህን የዘለለ ሁለተኛውን ክፉ ዓመት በገዛ እጁ ይዘራል።

ምርምሩም የሚሞላው ቀዳዳ አለው። ዝርያዎች የሚለቀቁት በምርታቸውና በብስለት ቀናቸው ተለይተው ነው፤ ኖቫና ዊልያምስ ፈጥነው ከሚደርሱት፣ ክላርክ 63ኬ ከመካከለኞቹ፣ በለሳ 95 ከሚዘገዩት ይመደባሉ። ለገበሬው ግን እኩል የሚያስፈልገው ከብስለት በኋላ ስንት ቀን ፍሬውን ይዞ እንደሚቆም ነው። ይህ ቁጥር ከዘሩ ከረጢት ላይ ቢታተም፣ አንድ ቤተ ሰብ ቶሎና ዘግይቶ የሚደርስ ዝርያ አዳብሎ ዘርቶ ሥራውን ሊያከፋፍል፣ ሠራተኛ ባጣበት ዓመትም የትኛውን ማሳ አስቀድሞ፣ የትኛውን ቆይቶ እንደሚያጭድ ሊያውቅ ይችላል። የአጨዳ ምክር «በዚህ ወር እጨዱ» ከሚለው የቀን መቁጠሪያ ወጥቶ ወደ ዝርያውና ወደ ማሳው ክፍል ካልወረደ ግን፣ ከክፉ ክረምት የተረፈው ምርት ብራው ከገባ በኋላም መፍሰሱን አያቆምም።